መጋዙ ሲቃና

«አጥብቂው፤ ገና ልል ነው» አለ ተገኝ ከወንበሩ ሳይነሳ።

ሚስቱ የሻረግ መወጠሪያውን በሁለት እጇ ጨብጣ አዞረችው። በሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የተጠመጠመው የመጋዙ ጥርሳም ስለት፣ ላማው፣ ሲጥ እያለ ተወጠረ። ተገኝ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ጣት መታ አደረገው። ድምፁ ደነዝ ነው። «ትንሽ ጨምሪ።» ጨመረች። እንደገና ሲመታው ጥርት ብሎ ጮኸ።

ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ማንኪያ ትይዛለች እንጂ ግራይንደር አትይዝም። መጋዙ ይሸጥ ብለው ባልና ሚስቱ የተስማሙት ለዚህ ነው። ካስተም ገበያ አጠገብ ብረታ ብረት ቤት ያለው ሺፋም ከሰዓት መኪና ይዞ መጥቶ ሊወስደው ነው።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ግን ተገኝ ያላሰበችውን አመጣ። «ጠማማ መጋዝ ለሰው አልሰጥም» አላት። «ከካምፓላ ከመጣ ጀምሮ አጣሞ ነው የሚቆርጠው።»

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ሠራህበት?»

«እሱ ያጣመመውን እጄ ታቃናው ነበራ! በግራይንደር፣ በሞረድ። እሷን ተማምኜ መጋዙን ሳልነካው ኖርኩ።» ቀኝ እጁን አየት አደረጋት። «ሺፋ የኔን እጅ ጨምሮ አይገዛም።»

የሻረግ እዚህ ሰው አገር መጥተው አትላባራ ሰፈር ቤት ከተከራዩ ጀምሮ፣ ግቢው ጥግ ካለው የቆርቆሮ ዳስ የሚወጣውን የብረት ጩኸት ስትረግም የኖረች ሴት ናት። ሳህኑን አነሳችና ነጠላዋን አስቀምጣ ተከተለችው።

«ላማውን ግራና ቀኝ ያቀፉትን ኩሽኔታዎች አየሻቸው? መሃላቸው ክፍት ነው። የሚዋልለው እዚያ ጋ ነው» አላት አሁን፣ ላማው ተወጥሮ ካለቀ በኋላ።

ቡሎኑን አላላችና አቀራረበቻቸው።

«እንዳይቆነጥጡት። ዳሰስ ብቻ።»

ላማውን በእጇ ስታንቀሳቅሰው ኩሽኔታዎቹ አብረውት ዞሩ። ተገኝ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ እስኳድራውን፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ አምጥታ ብረት የሚታሰርበት ሞርሳና ላማው መሃል እንድትደግፈው አዘዛት። በአንደኛው ጫፍ ወረቀት የምታስገባ ቀዳዳ ታየች።

«ሞርሳው ራሱ ተንጋዷል» አለ። «ባዶ የሶዳ ጣሳና መቀስ አምጪ።»

«የልብስ መቀሴን?»

«እሱኑ።» ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ስንቴ ሰርቄሽ ስንቴ ተቆጥተሽኛል። ዛሬ በገዛ እጅሽ ቁረጪበት።»

እየተነጫነጨች ከጣሳው ቀጭን ቁራጭ ሸለተች። ከሞርሳው ጀርባ ሸጎጠችና ቡሎኑን መልሳ አጠበቀች። እስኳድራውን ስትደግፈው ቀዳዳዋ የለችም።

ለሙከራ የሚሆን ብረት ስትፈልግ ግድግዳውን የተደገፉት ረጃጅም ቱቦላሬዎች ላይ ዓይኗ አረፈ። ጎረቤታቸው አቤኒ በር እንዲሠራላት የሰጠችው ብረት ነው። አቤኒ ጋምቤላ በስደት አድጋ ወደዚህ ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ናት፤ ተገኝ ታሞ ከወደቀ ጀምሮ ደጃፏ ላይ ሸራ ሰቅላ ዝናቡን ትከላከላለች። ባለፈች ባገደመች ቁጥር «ተገኝ ተሻለው ወይ?» ትላለች እንጂ «የኔ በርስ?» ብላ አታውቅም።

«ከእሱ ቁረጪ» አለ ተገኝ፣ ወደ ብረቱ ሳያይ። «ጫፉን ብቻ።»

ጄኔሬተሩን አስነሳች። አንዱን ቱቦላሬ በሞርሳው አሰረች፤ ማብሪያውን ስትጫን መጋዙ ጮኸ፤ እሷም ደንግጣ ወደ ታች ተጫነችው። «አትጫኚው! በራሱ ክብደት ይውረድ» ብሎ ጮኸባት። እጇን አለሰለሰች። ላማው ዘይት ዘይት እየሸተተ ቀስ ብሎ ገባ፤ ቁራጩም ኳ ብሎ ወደቀ።

ተገኝ እስኳድራውን አነሳ፤ ቁራጩን የሚይዝበት ሌላ እጅ ግን የለውም። የሻረግ ያዘችለት። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ግንባራቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ አራቱንም ጎን ለካው። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ መልሶ ለካው።

«ምነው? ተበላሸ?»

«ሞረድ አይፈልግም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እንዲሁ ይበየዳል።» ቁራጩን ከእጇ ወስዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ አልመለሰላትም።

የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሺፋ ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ፤ ሰላምታውን እንደ አገሬው በዓረብኛ ጀመረ። «ኬፍ፣ ጋሼ ተገኝ! እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?»

«ኩዌስ፣ ደህና ነን፣ ሺፋ። ግባ» አለ ተገኝ።

«መኪናውን ወደ ውስጥ ላስገባና እንጫነው?»

ተገኝ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እሷን ጠይቃት።»

የሻረግ ያን ጊዜ ነው እጇን ያየችው። ሳታስበው ቀሪውን ቱቦላሬ ወደ ሞርሳው አስጠግታ ማሰር ጀምራለች። ጥፍሯ ውስጥ ጥቁር ዘይት ገብቷል።

«መኪናው እዚያው ይቁም» አለች። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሺፋ። መጋዙ አይሸጥም።»

ሺፋ አንዴ እሷን፣ አንዴ ተገኝን አየ። ትንሽ ቅር አለው፤ ፊቱ ላይ ታየ። ከዚያ የብረቱ ሌላ ጫፍ ወደ መሬት ሲያዘነብል አየና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለ፤ ጎንበስ ብሎም ጫፉን ወደ ላይ ደግፎ ያዘላት።

«ልኩ የት ጋ ነው?» አለችው ባሏን።

ተገኝ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ። ጠመኔ በግራ እጁ ይዞ መጣና ብረቱ ላይ መስመር አሰመረ። መስመሩ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ወዲህና ወዲያ ተወላግዷል። የሻረግ ላማውን የመስመሩ መሃል ላይ አነጣጥራ ለቀቀችው፤ ቀጥ ብሎ ወረደ።