ከመጨረሻው አሜን በፊት

አማቴ ጸሎታቸውን አቋረጡና ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። እጇን ወደ ምግቡ የሰደደችው ልጄ ናት፤ የሚያዩት ግን እኔን ነው። ካገባሁ ጀምሮ እንዲህ ነው። ልጅ ያጠፋል፣ ከእኔ ይቆጠራል።

ጊፋታ ነው፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ። ለበዓሉ ከሶዶ በሚኒባስ ወደ ተበላ ከተማ ወርደን ገበታቸውን ከበናል። በቅቤ የራሰው የእንሰት ሙቹዋ በገበቴ ሆኖ መሀል ተቀምጧል፣ ዳጣው በጎኑ። የባሌ ወንድም የሚልክያስ ልጆች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጸጥ ብለዋል። የእኔዋ ሚርያም ብቻ ጣቶቿ ቅቤ ነክተዋል።

ልጅቷ ምን ታድርግ? እኛ ቤት ባሌ ደገፉ «ጌታ ሆይ ባርክልን» ይላል፣ አሜን እንላለን፣ እንበላለን። የአማቴ ጸሎት ግን ረጅም ነው። ለዝናቡ ይጸልያሉ፣ አሜን ይባላል። ለከብቱ፣ አሜን። ኦቶና ሆስፒታል ለተኛው ጎረቤት፣ አሜን። ገና መንገደኛው አለ፣ ገና እርሻው አለ። ሚርያም የመጀመሪያውን አሜን ሰማችና ያለቀ መሰላት።

«ይሄን ነው ያስተማርሻት?» አሉኝ አማቴ። «ሶዶ ገበታ የለም?»

«ተያት እማዬ» አለ ሚልክያስ እየሳቀ። «የባለሥልጣን ሚስት ናት። እነሱ ጸሎት አያስፈልጋቸውም፣ ስብሰባ ነው የሚያደርጉት።»

ወላይታ ለብቻው ዞን ከሆነ ወዲህ ደገፉ ዞን ቢሮ ገብቷል። ሹፌር ነው። ሚልክያስም ሹፌር መሆኑን ያውቃል።

ደገፉ አቀረቀረ። ሁሌም እንዲሁ ነው። ሚርያም እጇን ቀሚሷ ሥር ደበቀች።

አምናም ይሄው ነበር። ደንግጣ አንዲት ነገር ሳትቀምስ ውላ፣ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ደረቅ ዳቦ እየገመጠች «ሁለተኛ አያቴ ቤት አልበላም» አለችኝ። ዘንድሮ ለምኜ፣ አባብዬ ነው ያመጣኋት። አሁንም ሳትበላ ከተነሳች፣ ይቺ ልጅ አያት የላትም ማለት ነው።

እኔን የሚያቃጥለኝ ቁጣው አይደለም። የሚልክያስን ልጆች አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ አንጓቸውን ይዘው፣ «ከፊትህ ቁረስ፣ መሀሉን ለትልቅ ሰው ተው» እያሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዓይኔ አይቻለሁ። ለእኔ ልጅ ግን አንድ ቀን «ልጄ፣ እንዲህ አድርጊ» ብለው አያውቁም። ስድቡን እኔ ይዤው እንድሄድ ነው የሚፈልጉት።

«አባታችን ሆይ» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ብድግ አልኩ።

ጸሎት ላይ ተነስቶ መቆም እሳቸው ቤት ያልታየ ነገር ነው። ሚርያምን ከብብቷ ሥር ይዤ አነሳኋት፣ ገበታውን ዞሬ ሄድኩና አማቴ ጭን ላይ አስቀመጥኳት።

«እማማ፣ እኔ ከሁለተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ማስተማር አትችልም ካሉ፣ አልችልም። እርስዎ ይችላሉ። የልጅዎ ልጅ ናት፣ ያስተምሯት።»

«ቁጭ በይ! ጸሎት ላይ ነን!»

«አልቀመጥም። እሷ ስትበላ እቀመጣለሁ።»

«ኧረ ተይ አንቺ ሴት» አለ ደገፉ በሹክሹክታ።

«አልተውም አልኩ።»

ሙቹዋው ይቀዘቅዛል። የሚልክያስ ትንሹ ልጅ አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቱን ያያል። ሚርያም እንደ እንጨት ደርቃ ተቀምጣለች። ቅቤው ከጣቷ እየተንጠባጠበ የአማቴን የበዓል ቀሚስ ነካ።

አማቴ የቀሚሳቸውን ነጠብጣብ አዩት። ከዚያ የልጅቷን እጅ ፈልገው አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጣቶቿን ጠረጉ፣ ሁለቱን እጆቿን በመዳፋቸው ውስጥ ከደኑና ጸሎቱን ካቆሙበት ቀጠሉ።

አሜን አልን። ጆሮዋ ሥር «ገና» አሏት።

አሜን አልን። «ገና።»

ለመንገደኛው ጸለዩ፣ ለአገሩ ጸለዩ። እግሬ ደነዘዘ፣ ግን አልተቀመጥኩም። በመጨረሻ «አሁን» አሏት፤ አንጓዋን ይዘው እጇን ከፊቷ ወዳለው ጠርዝ መሩት። ቆረሰች። ጎረሰች። ጉንጯ አብጦ እየተጣደፈች ማላመጥ ስትጀምር አማቴ ቆጣ ብለው ጭንቅላቷን ነካ አደረጓት።

«አንቺ! አፍሽን ገጥመሽ ብዪ። ማን ይቀማሻል?»

ሚርያም ከንፈሯን ገጠመች። ከዚያ አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ አየቻቸውና ድጋሚ እጇን ወደ ጠርዙ ሰደደች።

ሚርያም የነበረችበት ቦታ ባዶ ነበር። እዚያው ከሚልክያስ ልጆች መሀል ገብቼ ተቀመጥኩና ከፊቴ ቆረስኩ።