ከመንገዱ ማዶ የመጣው በር

«በሩ ይኸው! ይዳስሱት እስቲ፤ ያው ራሱ አይደለም እንዴ?»

የአናጢው እንጀራ ልጅ የሱቁን ሰማያዊ በር በመዳፏ ደበደበችው። ከጆሮዋ ጀርባ የሰካችው እርሳስ ሊወድቅ ሲል መልሳ ሸጎጠችው። ጠበቃው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ በሩን አየ፤ ከዚያ በእጁ የያዘውን ኑዛዜ አየ።

«ልጄ፣ በሩማ በሩ ነው። ወረቀቱ ግን ‹ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቄ ለእንጀራ ልጄ ይሁን› ነው የሚለው። ያ ሱቅ ዛሬ የማን ነው?»

ደጃፉ ላይ የቆመው ባለወፍጮ አቀረቀረ። የእሱ ነው። ካቻምና ከአናጢው ጋር ሱቅ ተለዋውጠዋል። እሱ ለእህል ማከማቻ የወፍጮ ቤቱን ጎን ፈለገ፤ አናጢው ደግሞ ከዱቄት ብናኝ ለመሸሽ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ወሰደ። ውሉ አንድ ነገር ሳይጎድለው ተፈርሟል።

ተለዋወጥ ብላ አናጢውን የወተወተችው ራሷ እንጀራ ልጁ ነበረች። «ሳንባህን ዱቄት ሊጨርሰው ነው» እያለች ስድስት ወር ጨቀጨቀችው። እሺ ሲል በገዛ እጁ የሠራውን በር ለእህል ከረጢት ጥሎ መሄድ አልሆንልህ አለው። ነቅለው፣ እሱና እሷ ተሸክመው መንገዱን አሻገሩት። አዲሱ መቃን ላይ ሲገጥመው፣ በሩ ላይ ግማሽ ክብ፣ መቃኑ ላይ ሌላውን ግማሽ በእርሳስ ሣለና፣ ክቡ ሲዘጋ «በቃ፣ አሁን ይሄ የዚህ ነው» አላት። በሩ ከመጣ ሁሉም ነገር አብሮ የመጣ መሰላቸው። ኑዛዜው ጠበቃው ቢሮ ተቆልፎበት የድሮውን ሱቅ ሲጠራ እንደሚኖር አንዳቸውም አላሰቡም።

«ታዲያ አዲሱ ይተካላ! ያንን ሰጥቶ አይደል እንዴ ይሄን ያገኘው?»

«ይተካል የሚል ቃል እዚህ የለም። ቀጥሎ ያለው ‹ስሙን ያልጠራሁት ንብረቴ ሁሉ ለልጄ› የሚል ነው። እኔ የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን ማንበብ አልችልም።»

የአናጢው የአብራክ ልጅ፣ የመጋዝ ድምፅ ራሱን የሚያመው፣ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ የሚመጣው ልጅ፣ ቁርጡን በስልክ ነግሯታል። «ሱቁን ለሞባይል ሻጭ አከራየዋለሁ። አንቺ ጨርቅሽን ሰብስበሽ ጠብቂኝ።» ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ እንጨት ልጋለች። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ሌላ ጣሪያም የላትም።

«አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረው» አለ ጠበቃው። «አባትሽ ገና በሕይወት አሉ። በምስክሮች ፊት ሐሳባቸውን ይግለጹ፤ አዲስ እጽፋለሁ።»

የፈራችው ይህንኑ ነበር።

አናጢው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተጋድሟል። ከዘጠኝ ቀን በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ወስዶታል፤ ሐኪሙም ብዙ አይቆይም ብሏል፤ ለአንደበቱም አንድ ቃል ብቻ ነው የተወለት። ባለወፍጮውና ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ለምስክርነት በግርጌው ቆሙ። ጠበቃው ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይህን ሱቅ ለእንጀራ ልጅዎ ማውረስ ይፈልጋሉ?»

አናጢው እንጀራ ልጁን አያት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የለም» አለ።

«አይደለም!» አለች እየጮኸች። «ለሁሉም የለም ነው የሚለው! ይመልከቱ። አባባ፣ ውሃ ልስጥህ?»

«የለም።»

ብርጭቆውን ስታስጠጋለት ግጥም አድርጎ ጠጣው። «አዩ? አዩልኝ?»

«እውነቷን ነው» አለ ባለወፍጮው። «ትናንት ‹መልከ መልካም ነኝ ወይ?› ብዬ ብጠይቀው የለም አለኝ።»

«እሱንስ አልተሳሳተም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አባባ፣ በሞቴ፣ ራስህን ነቅንቅ። አዎ ለማለት እንዲህ፣ ወደ ታች።»

አንገቱ ታገለ። ራሱ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን ሄደ።

«ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ ጠበቃው። ድምፁ ለስልሷል። «ነገ ልጃቸው ጠበቃ ቢያቆም እነዚህን ሰዎች ነው የሚጠይቃቸው። ምን ሰማችሁ ሲላቸው ምን ይበሉ?»

ባለወፍጮው ጫማውን አየ።

እንጀራ ልጁ አልጋው ሥር ተንበረከከች። «አባባ፣ ግራ እጅህ ደህና ነው። ስምህ ቢቀር ጭረት ትሁን። መግቢያ የለኝም፣ አባባ።»

ጠበቃው ወረቀቱን ሳንቃ ላይ ዘርግቶ ከደረቱ አስጠጋለት፤ ብዕሩንም ከፍቶ ዘረጋለት። የአናጢው ግራ እጅ ቀስ እያለ ተነሣ። ብዕሩን አልፎ፣ ከጆሮዋ ጀርባ እርሳሷን መዘዘ። ጠበቃው ወረቀቱን ይበልጥ አቀረበው።

እርሳሱ ግን ወረቀቱን አልፎ ሄደ። ያረፈው አልጋው ጠርዝ ላይ ካለው እጇ ላይ ነው። አናጢው ምላሱን ነክሶ፣ በእጇ ጀርባ፣ በጠርዙ በኩል፣ ግማሽ ክብ ሣለ። ከዚያ እርሳሱን ወደማይንቀሳቀሰው ቀኝ እጁ ወሰደና ሌላውን ግማሽ በራሱ ቆዳ ላይ ጀመረ።

እጇን አስጠግታ ከእጁ ጋር ገጠመችለት። ክቡ ሲዘጋ፣ ከጀርባዋ ጠበቃው የብዕሩን ክዳን ቀጭ አድርጎ ሲዘጋ ሰማች።