የዳባ ቢላ

አቶ ወጋየሁ ከሆሳዕና ከመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ልጃቸው ምስጢር መካኒሳ በተከራየችው ጠባብ ቤት ውስጥ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር ይመላለሳሉ።

"ሽማግሌዎቹ ነገ ይቀመጣሉ" አሉ። "ዳባ ከመንደር እንዲወጣ ማስረጃ ይዤ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ።"

ዳባ ከየጓሮው የእንሰት ችግኝ እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው። ዘንድሮ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገብቶ የመንደሩን እንሰት ሲፈጀው፣ ሁሉም ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ። በሽታው በቢላ ይጋባል። ዳባ ችግኝ የሚቆርጥበት ቢላ ደግሞ ታጥቦ አያውቅም ይባላል።

ምስጢር ተመራማሪ ናት። ባለፈው ክረምት ለመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው መንደር የእንሰት ቅጠል ሰብስባ ነበር። አሁን ደግሞ አባቷ ከየጓሮው ከታመመው እንሰትና ከዳባ ችግኝ የላኩላትን ናሙና አስመርምራ፣ የጀርሞቹን የዘር ሐረግ በኮምፒውተር ታፈላልጋለች። ጀርሞች ዘር ስለሚቀያየሩ ሐረጋቸው እንደ መረብ ይጠላለፋል። ፕሮግራሙ አንዱን መስመር ቆርጦ ሌላ ቦታ ይቀጥለዋል። ከናሙናዎቹ ጋር ይበልጥ ከገጠመ ይተወዋል፤ ካልገጠመ ይመልሰዋል።

እስከ ረፋዱ ሁለት ጊዜ ጨርሷል። ሁለቱንም ጊዜ ዳባን መነሻ አላደረገውም።

ምስጢር ተቁነጠነጠች። መስመሮቹን ሁሉ በገዛ እጇ ከዳባ ችግኝ አስነስታ እንደገና አስጀመረችው።

"አሁንስ?"

"ቆይ አባዬ።"

ፕሮግራሙ የቀጠለችውን ቆረጠው። መለሰችው። ደግሞ ቆረጠው። ከውጭ የታክሲዎቹ ክላክስ አላባራም።

"ዳባ ትናንት ደውሎልኝ ነበር" አሉ አቶ ወጋየሁ። "ልጆቼን ይዤ የት ልግባ አለኝ። ዘጋሁበት።"

ስድስት ሰዓት ሲል ፕሮግራሙ ቆመ። ምስጢር ስክሪኑን አፍጥጣ አየችው።

"አንብቢልኝ እንጂ። መኪና ሊያመልጠኝ ነው።"

"መነሻው የጋሽ ደምሰው ጓሮ ነው። ከእሳቸው ወደ ጋሽ ኑሪ። ከጋሽ ኑሪ ወደ እትዬ ዓለሚቱ። ከዚያ ወደ እኛ።"

"ዳባስ?"

"መጨረሻ ላይ ነው። ከእኛ በገዛው ችግኝ ነው የተጋባበት።"

አቶ ወጋየሁ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አሉ። ስሞቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሟቸው። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ ቀስ ብለው ጠየቁ።

"አምና ቅጠል ስትሰበስቢ፣ እኔ ቢላዋን ይዤልሽ የዞርነው በዚሁ ተራ አልነበር?"