የሞረድ ቢላዋ

ልጅ ሳለሁ ቀጥቃጩ ጎረቤታችን በደጃችን ሲያልፉ፣ «ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበሉሃል» እያለች እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነው ነበር።

ዘንድሮ እኔና ልጃቸው ጥጋቡ ብረት ሥራ አብረን መማር ጀመርን። ሁለታችንም የመጀመሪያ ቢላዋችንን ከአሮጌ ሞረድ ቀጠቀጥን። የኔው ከእሳት አውጥቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። የሱ ግን ፊት እስኪያሳይ ያብረቀርቃል። ቅናት አንገበገበኝ። ምነው በተሰበረበት፣ ምነው እጁን በቆረጠው አልኩ በሆዴ።

ቢሆንም ልየው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቢላዋውን ለጎረቤቶች ያሳያሉ።

«እንኳን ደስ አላችሁ፣ እማማ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ግባ ልጄ» አሉና ቢላዋውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።