አሮጌው አድራሻ

አዋላጇ የሆስፒታሉን ቴክኒሻን ወንበር መደገፊያ ጨብጣ ከኋላው ቆማ ነበር። ወዲያው ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ተመልሳ ልትገባ ስለሆነ የቀኝ እጇን ጓንት አላወለቀችም፤ ደም የነካው ጣቷ ከትከሻው አጠገብ ይታየው ነበር። "የወለደችው ልጅ ደሟ አልቆም አለ" አለችው። "ደም ባንኩ ጥያቄው በሲስተም ካልደረሰው አይሰጠንም፤ ስልካቸው ደግሞ አይነሳም። እንዳትሞትብኝ፣ ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ!"

ቴክኒሻኑ በሰርቨሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ጻፈ። ሰርቨሩ ቀደም ሲል ጠይቆ በካሽ፣ በጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ያስቀመጣቸው አድራሻዎች ተደርድረው ወጡ። ከደም ባንኩ ስም ጎን ያለውን ቁጥር ሲያይ ክው አለ። ደም ባንኩ ሲስተሙን ወደ አዲስ አድራሻ ያዛወረው ትናንት ነበር። ይሄ ሰርቨር ግን እንደ ግትር ሽማግሌ፣ ደግሞ መጠየቅ ትቶ አሮጌውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል። ከጠዋት ጀምሮ ከሆስፒታሉ የተላከው ጥያቄ ሁሉ የለቀቀ ሰው ቤት ሲያንኳኳ ነበር የዋለው።

"አገኘሁት ሲስተር! የድሮውን አድራሻ ይዞ ነው። አሁን አጠፋዋለሁ።"

የአዋላጇ ስልክ ጠራ። "አቤት" አለች፤ ከማዋለጃ ክፍሉ ነበር። እሱ ዞር ብሎ የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም። ካሹን አጸዳ፣ አዲሱ ቁጥር መውጣቱን አየ፣ ጥያቄውን እንደገና ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ተቀብለናል። ደሙ እየተዘጋጀ ነው።"

"ደረሰ! ደረሰ ሲስተር!" ብሎ ወንበሩን አዞረ።

አዋላጇ ጓንቷን ጣት በጣት እያወለቀች ነበር።