ዶሮዋ ቤቷን የለመደች ቀን

ታናሽ እህቴን ባሏ የሚደበድባት በአንዲት ገብስማ ዶሮ ሰበብ ነበር። ዶሮዋ የምትጥለው ጎረቤታችን አስማረ ጓሮ፣ ድርቆሽ ክምሩ ሥር ነው። እህቴ እንቁላሉን ልታመጣ ሄዳ ትቆያለች፤ ስትመለስ ዱላው ይጠብቃታል።

"ሰው ግቢ ምን ተጎልተሽ ዋልሽ?"

"ዶሮህን ጠይቃት!" ትለዋለች የከንፈሯን ደም እየጠረገች፤ እንቁላሉንም ታሳየዋለች።

አንድ ቀን የፊት ጥርሷን አወለቀው። ለእኔም፣ "እትዬ፣ እንቁላሉን ባላይ ኖሮ ዛሬ በገጀራ ነበር" አለኝ።

እህቴ ለሠርግ ወደ ወላጆቻችን ሄዳ ሁለት ሳምንት ስትሰነብት እኔ ቤቷን እየጠበቅኩ ዶሮዋን ያዝኳት። ቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዘጎዝኩ፤ እንድትታለል ባዶ የእንቁላል ቅርፊት አሸዋ ሞልቼ አስቀመጥኩላት። ጠዋት ጠዋት ጓዳ ዘግቼባት እውላለሁ። በመጨረሻ ለመደች።

እህቴ በተመለሰች ማግስት ዶሮዋ ቅርጫቷ ውስጥ ጣለች። ባሏ ከእርሻ ሲገባ ትኩሱን እንቁላል መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

"ይኸው፣ ከእንግዲህ እዚሁ ናት። እህቴን ተዋት" አልኩት።

ወዲያው እህቴ ከአስማረ ግቢ እየሳቀች ገባች። ከነጠላዋ ጫፍ እንቁላል ፈታ አወጣች።

"ይቺ ጉደኛ! ዛሬም እዚያው ጥላልኝ!"

ባሏ የያዘውን እንቁላል እንዳይሰበር ተጠንቅቆ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰው። እኔን በትከሻዬ ገፍትሮ አስወጣኝና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

ጮኼ የጠራኋቸው ሰዎች በሩን ሰብረው ሲገቡ የእሷ ጩኸት ካቆመ ቆይቷል።