የማይሰበር ዘንግ

ጋሽ ዳንጊሶ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲሠሩ ነው ያረጁት። የዚያን ዕለት ጠዋት ዘንግ ልታሠራ የመጣችው ሴት ግን የአካባቢው ሰው አልነበረችም።

«ለቆሮሶ ነው ለአምባዛ?» ሲሉ ጠየቋት።

«ለከባድ ይሁንልኝ። ብቻ እንዳይሰበር» አለች።

ወፍራም ቀርከሃ መርጠው በእሳት አቃኑላት። መያዣውን በእጇ ልክ በሲባጎ ጠመጠሙት። ቀጭኑን ክር ሲያነሱ ራሷን ስለነቀነቀች ወፍራሙን አሰሩላት። ከመንጠቆዎቹም ትልቁን ራሷ መረጠች።

«ልጄ፣ በዚህ እንኳን ዓሣ ጉማሬም ትጎትቺበታለሽ» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ያልተሳለ መንጠቆ ከእጃቸው ወጥቶ ስለማያውቅ ሞረዳቸውን አነሱ። ሴትየዋ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«አይሳሉት አባባ። እንዲያውም ጫፉን ያዶልድሙልኝ።»

«ምን ነካሽ? የዶለዶመ መንጠቆ ምን ሊይዝልሽ?»

ዓይኗን ከሐይቁ ላይ ሳትነቅል መለሰችላቸው።

«ልጄን ሲፈልጉልኝ የነበሩት ጠላቂዎች ትናንት ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። ሸሚዙን ከያዘልኝ ይበቃኛል። ገላውን እንዳይወጋብኝ።»